ፒ0171 በኮሮላ 2004፦ ኦክስጅን ሴንሰር ከመግዛት በፊት ንባቡን አብረን እንየው

ሸገር_ኮሮላ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ ኮሮላ 2004 ናት፣ ሞተሯ 1ዜድዜድ 1.8፣ አውቶማቲክ፣ የምትነዳው አዲስ አበባ ውስጥ። ቼክ ኢንጅን በርቷል፣ ኮዱ ፒ0171 (ድብልቁ ነዳጅ አንሶታል የሚል)። ጠዋት ስትነሳ ሚኒሞዋ (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚሠራው ዙር) ይንቀጠቀጣል፣ ስትሞቅ ይሻላታል። ነዳጅ መብላትም ጀምራለች። ጋራዥ “ኦክስጅን ሴንሰሩ አልቋል” ብለውኛል። በብሉቱዝ ስካነር ያነበብኩት ይኸው (ሾርት ተርምና ሎንግ ተርም ኮምፒውተሩ ነዳጅ የጨመረበት ወይም የቀነሰበት በመቶ ነው፣ ማፍ ደግሞ የሚገባውን አየር የሚለካው ሴንሰር)። ሞተሩ ሞቋል (ውሃው 88 ዲግሪ)፣ ኤሲ ጠፍቷል፣ ማርሹ ፓርክ ላይ ነው።

ሚኒሞ፣ 700 ዙር፦ ሾርት ተርም +6፣ ሎንግ ተርም +20፣ ማፍ በሰከንድ 1.8 ግራም።
2500 ዙር፦ ሾርት ተርም +1፣ ሎንግ ተርም +7፣ ማፍ 5.9 ግራም።
የፊተኛው ሴንሰር (ከጭስ ማጽጃው ካታሊስት በፊት ያለው)፦ ከ0.1 እስከ 0.8 ቮልት ይመላለሳል።
የኋለኛው፦ 0.65 አካባቢ ቆሟል።

ሴንሰሩን ልግዛ ወይስ ሌላ የማየው ነገር አለ?

ቴስታታ

ገና አትግዛ ወንድሜ። በ0.1 እና በ0.8 መካከል የሚመላለስ ሴንሰር በሕይወት አለ። ፒ0171 ማለት ኮምፒውተሩ “ነዳጅ ጨመርኩ ጨመርኩ፣ አሁንም ኦክስጅን ይተርፋል” እያለ ነው። ይህን የነገረው ሴንሰሩ ራሱ ነው። የነገረን እውነት መሆኑን እናጣራለን እንጂ ምስክሩን በመጀመሪያ አናስርም።

ሾርት ተርም አሁን፣ በዚህች ሰከንድ የሚደረግ ማስተካከያ ነው። ሎንግ ተርም ደግሞ ኮምፒውተሩ ከቆየ ልምዱ የያዘው ነው። ሁለቱን፣ ትሪም የሚባሉትን፣ ሁልጊዜ ደምራችሁ አንብቡ። ያንተ ሚኒሞ ላይ +26 ነው፣ 2500 ላይ +8። ይህም ማፉ በነገረው አየር መጠን 2.5 ሚሊ ሰከንድ መከፈት የነበረበት ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው) ሚኒሞ ላይ ወደ 3.15 ሄዷል ማለት ነው። ጤነኛ ሞተር ድምሩ ከ5 ብዙም አይርቅም፣ ያረጀ መኪና እስከ 10 ቢደርስ አልጨነቅም። ከዚያ በላይ ግን ምክንያት አለው።

አሁን ቁልፉ በሁለቱ ዙሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው። እንዲህ እናስላው። ሚኒሞ ላይ የተቆጠረው አየር 1.8 ግራም ነው፣ የዚህ 26 በመቶ 0.47 ግራም። 2500 ላይ የተቆጠረው 5.9 ነው፣ የዚህ 8 በመቶ እሱም 0.47 ግራም። ቁጥሩ ያው መጣ! ማፉን ሳያልፍ፣ ሳይቆጠር፣ በአንድ ቀዳዳ የሚገባ አየር አለህ። ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ግማሽ በታች እስከሆነ ድረስ በዚያ ቀዳዳ በሰከንድ የሚገባው አየር ብዙም አይለወጥም። 2500 ላይ ከብዙ አየር ጋር ስለሚደባለቅ ነው ድርሻው ያነሰው።

በተቃራኒው ትሪሙ ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ወይም ነዳጅ ሲረገጥ ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ የቆሸሸ ማፍ፣ የደከመ ፓምፕ ወይም የተዘጋ የነዳጅ ፊልትሮ ፈልጉ። በሁሉም ዙር እኩል ከፍ ካለ ደግሞ የነዳጅ ግፊትና ማፍ አብረው ይፈተሹ። በዚህ ሞተር ላይ የነዳጅ ግፊቱ ከ304 እስከ 343 ኪሎ ፓስካል መሆን አለበት፣ ወደ ታንክ የሚመለስ መስመርም የለውም።

ብሎን_14

ጥሩ ትንታኔ ነው፣ ግን ማፉ ራሱ 1.8 ብቻ ማንበቡ አያጠራጥርም? ማፍ ከቆሸሸ አየሩን አሳንሶ ይናገራል፣ ትሪም ይወጣል። በሌላ በኩል “በሊትር 1 ግራም” በሚለው መለኪያ ለ1.8 ሞተር 1.8 ትክክል ነው።

ቴስታታ

“በሊትር 1 ግራም” ለግምት ያህል ነው። ሞቆ ሚኒሞ ላይ ያለ 1ዜድዜድ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 2.5 ያነባል። የተቆጠረውን 1.8 እና ያልተቆጠረውን 0.47 ብትደምር 2.27 ይሆናል፣ ማለትም ሞተሩ የሚጠጣው አየር ልክ ነው፣ ያነሰው በማፍ በኩል ያለፈው ነው። ማፉ ቆሽሾ ቢሆን ኖሮ 2500 ላይ ትሪሙ እንዲህ ወርዶ 8 ላይ አይቆምም ነበር። የቆሸሸ ማፍ አየሩ በጨመረ ቁጥር የባሰ ይዋሻል።

ማጽዳቱ ግን አይጎዳም። ሁለት ቪቴ ብቻ ነው የያዘው። የማፍ ማጽጃ ተብሎ የሚሸጠውን ስፕሬይ ብቻ ተጠቀሙ፣ ከአስር እስከ አስራ አምስት ጊዜ በአጭር በአጭሩ ረጩበት። በጥጥ፣ በብሩሽ፣ በኮምፕሬሰር አየር አትንኩት፣ ያቺ ሽቦ ከጸጉር የቀጠነች ናት። ደርቆ ሳያልቅ ሶኬቱን አትሰኩ።

ፊልትሮ

በዚህ ሞተር ላይ አየር የሚያስገቡ ቦታዎች ይታወቃሉ፣ በዚህ ቅደም ተከተል ሂድ።

አንደኛ፣ ከማፍ እስከ ትሮትል (የአየሩ በር) ያለው እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ጎማ። ከላይ ጤነኛ ይመስላል። ፋሼታዎቹን (ማሰሪያዎቹን) አላልተህ አውጣውና በሁለት እጅህ ለጠጥ፣ እጥፋቶቹን አንድ በአንድ ከፍተህ በብርሃን እየው። ስንጥቁ ብዙ ጊዜ ከታች በኩል፣ በእጥፉ ሸለቆ ውስጥ ነው፣ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ብቻ ነው የሚከፈተው።

ሁለተኛ፣ የፒሲቪ (የሞተሩን ውስጥ ጋዝ መልሶ የሚስበው) ጎማ። ከቫልቭ ክዳኑ ወደ ማኒፎልዱ የሚሄደው ነው። ዘይትና ሙቀት ስለሚበላው ክርኑ ላይ ይለሰልሳል፣ ቫኪዩሙ ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ ከዚያ ከሥሩ ይቀደዳል። በጣትህ ስትጨምቀው እንደ ማስቲካ ከሆነ አልቋል። ቫልቩን ነቅለህ ስታንቀጠቅጠው ደግሞ መንኳኳት አለበት።

ሦስተኛ፣ የፍሬን ቡስተር (የፍሬን ማገዣ) ጎማ እና አንድ አቅጣጫ የምታሳልፈው ቫልቩ። ሚኒሞ ላይ ፍሬን ስትረግጥ ትሪሙ ወይም ዙሩ ከተለወጠ ችግሩ በዚያ በኩል ነው።

አራተኛ፣ የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን (በመገናኛው የሚገባው ማሸጊያ)። ይህ በ1ዜድዜድ ላይ የታወቀ ድክመት ነው፣ ሲቀዘቅዝ ይሸማቀቅና አየር ያስገባል፣ ሲሞቅ ይዘጋል። “ጠዋት ይንቀጠቀጣል፣ ሲሞቅ ይሻላታል” ያልከው ይህን እንድጠረጥር አድርጎኛል። ነገር ግን ሞቆም +26 ስላለህ እሱ ብቻ አይደለም።

አምስተኛ፣ የታንክ ጋዝ የሚስበው ፐርጅ ቫልቭ ተከፍቶ ከቀረ። ጎማውን በፒንሳ በጨርቅ ጠቅልለህ ቆንጥጠው። ትሪሙ ወዲያው ከተለወጠ ጥፋተኛው እሱ ነው።

ሸገር_ኮሮላ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በስፕሬይ እንዴት እንደሚፈለግ አንድ ሰው ቢያብራራልኝ። ደግሞ ቁጥሮቹ ስልኬ ላይ በጣም እየዘገዩ ነው የሚለወጡት፣ ሴንሰሩ ሰነፍ ሆኖ ይሆን?

ላምዳ1

መዘግየቱ የሴንሰሩ አይደለም፣ የመስመሩ ነው። ያንተ ኮሮላ የሚነጋገረው በድሮው አይሶ 9141 ፕሮቶኮል ነው፣ በጣም ቀርፋፋ። ስምንት ንባብ አንድ ላይ ከከፈትክ እያንዳንዱ በሰከንድ አንዴ እንኳ ላይታደስ ይችላል። በዚያ ፍጥነት የትኛውም ጤነኛ ሴንሰር የሞተ ይመስላል። ስንት ሰው በዚህ ብቻ ሴንሰር ገዝቷል! ስክሪኑ ላይ ሾርት ተርም እና የፊተኛውን ሴንሰር ብቻ አስቀር። ርካሽ አስማሚ ስትገዙም “ስሪት 2.1” የሚል ጽሑፍ ያለበትን ብዙዎቹን አትመኑ፣ አንዳንዶቹ የድሮ ፕሮቶኮሎችን ጨርሶ አያነቡም።

የስፕሬይ ፍለጋው እንዲህ ነው። የካርቡራተር ማጽጃ በቀጭን ቱቦው ያዝ፣ የእሳት ማጥፊያ አጠገብህ ይኑር። የጭስ ማውጫው ማኒፎልድና የካንዴላ ቦቢና ላይ በፍጹም አትርጭ። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ይሁን፣ አንድ ቦታ ላይ ለግማሽ ሰከንድ ያህል ብቻ ርጭና ሁለት ሦስት ሰከንድ ጠብቅ። ቀዳዳው ስፕሬዩን ከሳበው ሾርት ተርም ከ+6 በአንድ ጊዜ ወደ መቀነስ ይወድቃል፣ የሴንሰሩ ቮልት ደግሞ ወደ 0.8 ይወጣል። ብዙ አትርጭ፣ ጢሱ በአየር ፊልትሮ በኩል ገብቶ የውሸት መልስ ይሰጥሃል። ከራቀው ቦታ ወደ ቅርቡ ሂድ፣ ጎማ ካገኘህ በሌላኛው ጎኑ ደግሞ ሞክር።

ያን ማድረግ የሚያስፈራው ሰው ሌላ መንገድ አለው። ሞተሩን አጥፋ፣ የአየር ቱቦውን አፍ ዝጋ፣ በጣም በትንሽ ግፊት፣ ከ0.1 ባር ሳይበልጥ አየር አስገባ፣ የሳሙና ውሃ ቀባና አረፋ ፈልግ። የጭስ ማሽን ያለው ጋራዥ ካገኘህ ግን ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው።

ሴንሰሩን እዚያው መፈተን ከፈለግህ ሁለት ነገር ይበቃል። ሞቆ ሳለ ነዳጁን በድንገት ረግጠህ ልቀቀው፣ ሲረገጥ ከ0.8 በላይ መውጣት አለበት። ከዚያ መንገድ ላይ ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በማርሽ ሆነህ እግርህን ሙሉ በሙሉ አንሳ፣ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ስለሚዘጋ ከ0.1 በታች መውረድ አለበት። ሁለቱንም ካደረገ፣ እና 2500 ላይ በአስር ሰከንድ ውስጥ ቢያንስ ስምንት ጊዜ ከተመላለሰ፣ ገንዘብህን ኪስህ አቆይ። 0 ላይ ወይም 0.45 ላይ ተገትሮ የሚቀር ከሆነ ሶኬቱን ነቅለህ ማሞቂያውን ለካ። በተለመደው ባለ አራት ሽቦ ዴንሶ ሴንሰር ሁለቱ ጥቁር ሽቦዎች የማሞቂያው ናቸው፣ በቀዝቃዛው ከ11 እስከ 16 ኦም ማንበብ አለባቸው። ሰማያዊው ምልክቱ ነው፣ ነጩ መሬቱ።

ከፍታ2355

አዲስ አበባ ለምንነዳ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ከኢንተርኔት የሚወሰዱት ሠንጠረዦች የባሕር ጠለል ናቸው።

እዚህ የአየር ግፊቱ ወደ 76 ወይም 77 ኪሎ ፓስካል ነው። አዳማ 83 አካባቢ፣ ድሬዳዋ 88 አካባቢ፣ ጅቡቲ 101። ቫኪዩም ጌጅ የሚያነበው ከውጭው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ነው። ጤነኛ ሞተር ሚኒሞ ላይ ማኒፎልዱ ውስጥ 30 ኪሎ ፓስካል አካባቢ አለው፤ ጅቡቲ ላይ ጌጁ ወደ 21 ኢንች ያሳያል፣ አዲስ አበባ ላይ ግን ያው ሞተር ወደ 14 ኢንች ብቻ። ይህን የማያውቅ ሰው “ቫኪዩሙ አንሷል፣ ቫልቮላ ይቃጠላል፣ ካቴናው ዘሏል” ብሎ ጤነኛ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ያስወርዳል። በጣም የሚያሳዝን ወጪ ነው።

ማፍም እንዲሁ ነው። ሙሉ ነዳጅ ሲረገጥ ለመፈተን ለምትፈልጉ ሂሳቡ ይኸው፦ 1.8 ሊትር ሞተር በ3000 ዙር በሰከንድ ወደ 45 ሊትር አየር ይስባል። አዲስ አበባ ላይ አንድ ሊትር አየር 0.91 ግራም አካባቢ ነው፣ ስለዚህ 41 ግራም። ሞተር መቼም መቶ በመቶ አይሞላም፣ 85 በመቶ ብትሉ 35 ግራም። ባሕር ጠለል ላይ ያው ሞተር ወደ 46 ያነባል። እዚህ 35 ያነበበ ማፍ ምንም አልሆነም። 25 ካነበበ እና ትሪሙ ሲረገጥ ከወጣ ግን ማፉን ወይም ዲፕራቶሩን (የአየር ፊልትሮውን) ተመልከቱ።

ማፍ ያለው መኪና የሚለካው የአየሩን ክብደት ስለሆነ በከፍታ ምክንያት ብቻ ትሪሙ መዛባት የለበትም። “አዲስ አበባ ስለሆነ ነው 20 የሆነው” የሚላችሁን አትቀበሉ።

የዲኤክስ_ልጅ

ማፍ ለሌላቸው መኪኖችስ? የ1990ዎቹ ኮሮላ ፎር ኤ ኤፍ ኢ እና ብዙ ሆንዳ ሲቪኮች ማፕ ሴንሰር (የማኒፎልዱን ግፊት የሚለካ) ነው ያላቸው።

ቴስታታ

በማፕ መኪና ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በቀዳዳው የገባው አየር የማኒፎልዱን ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ማፑ ያየዋል፣ ኮምፒውተሩም ለእሱ የሚሆን ነዳጅ ይጨምራል። ስለዚህ በቀዳዳ አየር ሲገባ ትሪሙ ብዙም አይጮህም፣ ሚኒሞው ከፍ ይላል ወይም ይዋዥቃል። በማፕ መኪና ላይ ትሪም +20 ካያችሁ በመጀመሪያ የነዳጅ ግፊትን፣ የማፑን ትንሽ ጎማ እና ከሴንሰሩ በፊት ያለውን የጭስ ማውጫ ቀዳዳ ፈልጉ። ቁልፉን ከፍታችሁ ሞተሩን ሳታስነሱ ማፑ አዲስ አበባ ላይ 76 አካባቢ ማንበብ አለበት። 90 ካነበበ ይዋሻል። አብዛኞቹ እንደ ፎር ኤ ያሉት ግን ኦቢዲ ቱ (የስካነር) ሶኬት የላቸውም፣ በቮልት መለኪያ ነው የምታዩት።

ላምዳ1

ስለ ጭስ ማውጫ ቀዳዳ የተነሳው ሊረሳ አይገባም። ማኒፎልዱ ከተሰነጠቀ ወይም ጓርኒሲዮኑ ከሴንሰሩ በፊት ከተቃጠለ በጭሱ ምት መሃል የውጭ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል። ሴንሰሩ ኦክስጅን ያያል፣ “ነዳጅ አንሷል” ይላል፣ ኮምፒውተሩ ይጨምራል፣ እውነተኛው ድብልቅ ግን ነዳጅ በዝቶበት ጥቁር ጢስ ይወጣል። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ጆሮህን አስጠጋ፣ “ጥጥጥ” የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ሲሞቅ ብረቱ ሲሰፋ ይጠፋል።

በሦስት ካንዴላ የሚሠራ ሞተርም እንዲሁ ያሳስታል። ያልተቃጠለው ሲሊንደር ነዳጁን ብቻ ሳይሆን ኦክስጅኑንም ሙሉ በሙሉ ወደ ጭስ ማውጫ ያወጣል። ሴንሰሩ የሚያየው ኦክስጅኑን ነው። ስለዚህ ፒ0300 ወይም ፒ0301 እና መሰሎቹ (የማይቃጠል ሲሊንደር ኮዶች) አብረው ካሉ በቅድሚያ ካንዴላና ቦቢና ይስተካከሉ፣ ትሪሙን ከዚያ በኋላ አንብቡ።

ዴንቨር_ካምሪ

ሰላም ወገኖች፣ ከኮሎራዶ ነው። ካምሪ 2003፣ 2.4። የፊተኛው ሴንሰር 0.66 ላይ ቆሞ ብዙም አይንቀሳቀስም፣ የኋለኛው 0.7። ሎንግ ተርም +4፣ ሾርት ተርም ዜሮ አካባቢ። ኮድ የለም። የልቀት ምርመራ ቀርቦብኛል፣ ሴንሰሩ ሞቷል ማለት ነው?

ላምዳ1

አልሞተም፣ ጤነኛ ነው። የአንተ ካምሪ ፊት ላይ ያለው ተራ ኦክስጅን ሴንሰር አይደለም፣ የአየርና ነዳጅ ሴንሰር ነው። ይህ ሴንሰር ልኩ ሲሆን 3.3 ቮልት ላይ ይቀመጣል፤ ጠቅላላ የኦቢዲ መተግበሪያዎች ላይ በቶዮታ ለአምስት ተካፍሎ 0.66 ሆኖ ይታያል። አቅጣጫውም የተገለበጠ ነው፣ ቮልቱ ሲወጣ ነዳጅ አንሷል፣ ሲወርድ ነዳጅ በዝቷል። ነዳጁን በድንገት ብትረግጥ ትንሽ ሲወርድ፣ እግርህን ስታነሳ ወደ ላይ ሲዘል ታየዋለህ። ማሞቂያው ከተራው በጣም ያንሳል፣ ጥቂት ኦም ብቻ ነው፣ በ11 ኦም መለኪያ አትፍረድበት።

+4 ሊያስጨንቅህ አይገባም። አሜሪካ አብዛኛው ማደያ የሚሸጠው 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ነው፣ ኢታኖል በውስጡ ኦክስጅን ስለያዘ ኮምፒውተሩ 3 ወይም 4 በመቶ መጨመሩ ተፈጥሯዊ ነው። ከምርመራው በፊት ግን ኮድ አታጥፋ፣ ባትሪም አትንቀል፤ የራስ ምርመራዎቹ ወደ ዜሮ ይመለሱና “ዝግጁ አይደለም” ብለው ይመልሱሃል።

ሁለቱን የሴንሰር ዓይነቶች መቀያየር ትልቅ ጥፋት ነው፣ በተለይ ሶማሌ ተራ ሳልቫጅ ስትገዙ። መልካቸው ይመሳሰላል፣ ሶኬታቸውም አንዳንዴ ይገባል። ከመግዛታችሁ በፊት በሴንሰሩ አንገት ላይ ያለውን የዴንሶ ቁጥር ከአሮጌው ጋር አስተያዩ፣ በሻሲ ቁጥር የሚያጣራ መለዋወጫ ሻጭ ካለ እሱ ይቅደም።

ሸገር_ኮሮላ

ውጤቱን ልንገራችሁ። የአኮርዲዮኑ ጎማ ደህና ነበር። የፒሲቪው ጎማ ክርን ላይ ስረጭ ሾርት ተርም ከ+6 በሁለት ሰከንድ ውስጥ ወደ -9 ወረደ። አውጥቼ ሳየው ከሥሩ የጥፍር ርዝመት ያህል ተቀዷል፣ ውስጡ በዘይት ለስልሶ ጥቁር ዝቃጭ ሆኗል። ዘይትና ሙቀት በሚችል ጎማ ቀየርኩት፣ ቫልቩንም አዲስ አደረግኩ። ኮዱን አጥፍቼ 40 ኪሎ ሜትር ከነዳኋት በኋላ፦

ሚኒሞ፦ ሾርት +1፣ ሎንግ +3፣ ማፍ 2.2።
2500፦ ሾርት 0፣ ሎንግ +3፣ ማፍ 6.3።

ግን ዛሬ ጠዋት ስትነሳ፣ ውሃው 30 ዲግሪ አካባቢ ሳለ ሾርት ተርም +17 ነበር። ውሃው 60 ሲደርስ ወደ +2 ወረደ።

ፊልትሮ

እንግዲህ ያው ያልኩህ የማኒፎልድ ጓርኒሲዮን ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ ጠዋት ገና ሳትሞቅ ማኒፎልዱ ከቴስታታው በሚገናኝበት መስመር ላይ ስፕሬዩን ሞክር። ሲሞቅ ምንም አይመልስልህም፣ ስለዚህ ጊዜው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ብቻ ነው።

ስትቀይረው በፕላስቲኩ ማኒፎልድ ጉድጓድ ውስጥ ተጭኖ የሚቀመጥ ጎማ ነው። ጉድጓዱን በጨርቅ አጽዳ፣ ሲሊኮን በፍጹም አትጨምር። ሲሊኮን ሁለት ጊዜ ይጎዳሃል፦ ጎማውን ከቦታው ያንሸራትታል፣ ተቃጥሎ በጭሱ ሲወጣ ደግሞ የሴንሰሩን ጫፍ ነጭ ዱቄት ያለብሰዋል፣ ያ ሴንሰር ከዚያ በኋላ አይድንም። ብሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር፣ በሁለት ሦስት ዙር በትንሽ በትንሹ አጥብቅ። ፕላስቲክ ስለሆነ ጉልበት አያስፈልገውም። የትሮትሉን ጓርኒሲዮንም በዚያው አዲስ አድርገው፣ ወርዶ ሳለ ርካሽ ነው።

ብሎን_14

ሌላ ጥያቄ፣ ትሪሙ ወደ ታች ለሆነበትስ? ቪትዝ አለ፣ ሚኒሞ -14፣ 2500 ላይ -5። ውሃው ከ68 ዲግሪ አይወጣም።

ቴስታታ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቴርሞስታቱ አለ ወይ ብለህ ጠይቅ። “እንዳትሞቅ” ተብሎ አውጥቶ መጣል በብዙ ጋራዥ የተለመደ ነው። የቶዮታዎቹ ቴርሞስታት ብዙ ጊዜ ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ላይ ይከፈታል፣ ስለዚህ ሞቆ 68 ላይ የሚቀር ሞተር ወይ ቴርሞስታት የለውም ወይ ተከፍቶ ቀርቷል። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ነዳጅ ያበዛል፣ ዘይቱ ውስጥ ቤንዚን ይቀላቀላል፣ ያ ቤንዚን ሲተን በፒሲቪ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ሚኒሞ ላይ የበለጠ መቀነሱ ለዚህ ይሆናል። ዲፕስቲኩን አውጥተህ አሽትት፣ ቤንዚን ከሸተተ ዘይቱን ቀይር።

ቴርሞስታቱን ካስገባህ በኋላም ከቀጠለ ጠዋት ሞተሩ ሌሊቱን ካደረ በኋላ የውሃውን ሴንሰርና የአየሩን ሴንሰር አስተያይ፣ በጥቂት ዲግሪ መቀራረብ አለባቸው። ከዚያ ፐርጅ ቫልቩ፣ ከዚያ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር። ሞተሩን አጥፍተህ የነዳጅ ግፊቱ በጌጅ ላይ በፍጥነት ከወደቀ አንዱ ኢንጀክተር ወይም የፓምፑ ቫልቭ እያሳለፈ ነው።

በዚህ አጋጣሚ፣ በድሮ ቶዮታዎች ላይ ፒ0125 (ሞተሩ በበቂ አልሞቀም) የሚል ኮድ ሲመጣ ሁሉም ወደ ቴርሞስታት ይሮጣል። ያ ኮድ የፊተኛው ሴንሰር ሞቶ ምልክት ባለመስጠቱም ይመጣል። ውሃው 85 ደርሶ ኮዱ ካለ ሴንሰሩን እይ።

የዲኤክስ_ልጅ

ካታሊስቱ ለወጣበት መኪና ፒ0420 (የካታሊስት ኮድ) ትሪሙን ይነካል?

ላምዳ1

ዋናው ማስተካከያ የሚደረገው በፊተኛው ሴንሰር ነው፣ ስለዚህ ካታሊስት አለመኖሩ ብቻውን +20 አያመጣም። የኋለኛው እንደ ፊተኛው መመላለስ ይጀምራል፣ ኮዱም ለዚህ ነው። ነገር ግን ካታሊስቱን ሲያወጡ በደንብ ያልተበየደ ቦታ ከፊተኛው ሴንሰር አጠገብ ካለ ከላይ ያልኩት የውሸት ንባብ ይመጣል። ካታሊስቱ ገና ካለ ደግሞ አትንኩት፣ ብዙ ጊዜ የገደለው ዘይት የሚበላ ሞተር ወይም ለወራት ነዳጅ የበዛበት ድብልቅ ነው። ምክንያቱ ሳይስተካከል አዲስ ብታስገቡም ያው ይሆናል።

ሸገር_ኮሮላ

ጓርኒሲዮኑ ተቀይሯል። ጠዋት 28 ዲግሪ ላይ ሾርት +4፣ ሎንግ +3። ሚኒሞው ቀጥ ብሏል። የፊተኛውን ሴንሰር ፈትኜዋለሁ፣ ሲረገጥ 0.87፣ እግር ሲነሳ 0.05፣ 2500 ላይ በአስር ሰከንድ አስራ አንድ ጊዜ። አሁን ዳገት ላይ ሙሉ ነዳጅ ረግጬ ማየት ያለብኝ ነገር አለ?

ከፍታ2355

አለ። በሁለተኛ ማርሽ ከ2500 እስከ 4500 ዙር ድረስ ሙሉ በሙሉ ረግጠህ ሂድ፣ መንገዱ ክፍት በሆነበት፣ ስልኩን ሌላ ሰው ይዞ ይቅዳ። በዚያ ጊዜ ኮምፒውተሩ ከሴንሰሩ ጋር መነጋገሩን ትቶ ነዳጅ ያበዛል። የፊተኛው ሴንሰር ከ0.8 በላይ ወጥቶ እዚያው መቆየት አለበት። ወደ 0.2 ከወረደ ፓምፑ ወይም ታንክ ውስጥ ያለው ፊልትሮ አልበቃውም ማለት ነው። ማፉ 3000 ላይ ከ33 እስከ 37 ከሆነ እና 0.8ው ከቆመ በነዳጅ በኩል የሚፈለግ የለም።